መጨረሻ የሚናገረው ሰው

መቶ አለቃ ውበቴ ለሌላ ጉዳይ ቢቸና ሰንብቶ ወደ ሞጣ ሊመለስ በቅሎውን አስጭኖ ነበር። ሁለት ነገር አስቀረው። አንደኛው ወንዙ ነው፤ የነሐሴ ዝናብ መሻገሪያውን ውጦት አድሯል። ሁለተኛው ሬሳ ነው።

«ጌታዬ፣ ይድረሱልን! ፕሬዚዳንቱ አይተነፍሱም!» እያለ ጭቃውን እየፈነጠቀ የመጣው ፋንታ ነበር፣ የርስት ችሎቱ በር ጠባቂ። የራሱ ሽበት ውኃ ያንጠባጥባል።

«የቱ ፕሬዚዳንት?»

«ኧረ ስንት አለና ጌታዬ! ግራዝማች ገብረ ሕይወት!»

ውበቴ በቅሎው ይራገፍ ብሎ ተከተለው። ይህ ውበቴ ልጅነቱን በቅኔ ቤት የጨረሰ ሰው ነው። መምህሩ «አንተስ ከቅኔ ይልቅ ሰው መፍታት ይቀልሃል፤ ሂድና እንጀራህን ፈልግ» ብለው መርቀው ያሰናበቱት ነው ይባላል። እንጀራውን ፖሊስ ቤት አገኘው። አፉ ቀልድ ይወዳል፣ ዓይኑ ግን ቀልድ አያውቅም።

የርስት ችሎት የሚሉት ለመሬት ክርክር ብቻ የቆመ፣ ሦስት ዳኞች ያሉት ሸንጎ ነበር። ግራዝማች ገብረ ሕይወት «ፕሬዚዳንት» ተብለው ሲሾሙበት ቃሉ ለቢቸና ሰው አፍ አልገባ ብሎ ብዙ አስቋል። አንድ ገበሬ ገበያ መሐል አስቁሟቸው፣ «ግራዝማች፣ ይህ ፕሬዚዳንት የሚሉት ሹመት ምኑ ነው?» ቢላቸው፣ «ማን ዳኛ ሆኖ እንደሚቀመጥ እወስናለሁ፤ ቀን እቆርጣለሁ፤ መጨረሻ እናገራለሁ። ድምፄ ግን እንደ ማንም ዳኛ አንድ ናት» አሉት። «ኧረግ! ታዲያ ምኑን ተሾሙት?» አላቸው። ከት ብለው ሳቁና፣ «መጨረሻ መናገርን እንዲህ አታቅልላት» ብለውት አለፉ።

አላቀለሏትም እሳቸው። በእሳቸው ችሎት አሳብ የሚሰጠው እንደ ጥንቱ ሥርዓት ከታች ወደ ላይ ነበር። ትንሹ ዳኛ ይጀምራል፣ ትልቁ ይከተላል፣ የመሐሉ ወንበር ይጨርሳል። «ትልቅ ቀድሞ ከተናገረ ትንሽ የሚናገረው የራሱን አይደለም» ይሉ ነበር። ደግሞም አሳብ መሰጠት አንዴ ከተጀመረ በሩ ይዘጋል። የመሐሉ ወንበር ሳይናገር አይከፈትም፤ ሰው አይወጣም፣ ቀጠሮም አይሰጥም። የፈለገው ይምጣ፣ ግራዝማች ይህን ሥርዓት አንድ ቀን እንኳ አልሰበሩም።

አሁን ግን ከችሎቱ አዳራሽ ጀርባ ባለችው ክፍላቸው፣ ወንበራቸው ላይ እንደተቀመጡ አንገታቸው ዘንበል ብሏል። ቆርቆሮው ላይ ዝናቡ ይወርዳል፤ ለመነጋገር መጮኽ ያስፈልጋል።

ከሬሳው አጠገብ ባላምባራስ ኃይለ ጊዮርጊስ ቆመዋል። ከሦስቱ ዳኞች ከፕሬዚዳንቱ ቀጥለው ትልቁ እሳቸው ናቸው፤ ግርማ ያላቸው፣ ጋቢ አጣፋቸው የሚያምር ሽማግሌ።

«ምርመራ የሚያሻው ነገር የለም መቶ አለቃ» አሉ። «ነገሩ የጠራ ነው። ባልቴቷ ስንዱ ጠዋት ብርዝ አመጣችላቸው፤ ጠጡ፤ ሞቱ። አስይዣታለሁ።»

ጠረጴዛው ላይ አንድ ቅል እና ግማሽ የጎደለ ዋንጫ አለ።

«ፍልሰታ አይደለም እንዴ ባላምባራስ? ገና ረፋድ ነው። እንኳን ብርዝ ውኃ ይቀመሳል?»

«ሰውዬው በሽተኛ ናቸው። ነፍስ አባታቸው ሳይፈቅዱላቸው አይቀርም።»

«እሷስ ምን ቆርጧት ትገድላቸዋለች? ፍርዷን የሚሰጧት እሳቸው!»

«የሚሰጧትን ስላወቀች ነዋ! ከፊታውራሪ ታዘበው ጋር የርስት ክርክር አለባት። ትናንት ከችሎት በኋላ ግራዝማች አሳባቸውን ነገሩኝ፤ ‹ርስቱ የታዘበው ነው፤ ለስንዱ የምሰጣት የለኝም› አሉ። ከዚህ ቤት የወጣ ነገር ደግሞ ገበያ ሳይደርስ አያድርም።»

«ራሳቸው ነገሩዎት?»

«በዚህ ጆሮዬ!»

ውበቴ ራሱን ነቀነቀና ወደ ሬሳው ጎንበስ አለ። የዓይናቸው ነጭ በደም ነጠብጣብ ተዥጎርጉሯል። ከንፈራቸውን ገለጥ ቢያደርገው ከውስጥ በገዛ ጥርሳቸው ተነክሶ ቆስሏል። ነጩ ጢማቸው ላይ ጥቁር የበግ ጸጉር ተጣብቋል፤ አንዱ ጥርሳቸው መሐል ገብቷል። ከግራዝማች ጉልበት ፊት አንዲት ወንበር አለች፤ ሁለት ሰው ጉልበት ለጉልበት ገጥሞ ሲጨዋወት እንደሚያደርገው ተስባ የቀረበች። ላይዋ የጥቁር በግ አጎዛ ተነጥፎባታል። አጎዛው ግን ጸጉሩ ወደ ታች፣ ቆዳው ወደ ላይ ነው።

ሰው አጎዛ ገልብጦ አይቀመጥም አለ በልቡ።

ከጠረጴዛው ሥር ሲያይ ደግሞ የአፈር ወለሉ ረጥቦ ጉንዳን ተርመስምሶበታል። በጣቱ ነካ አድርጎ አሸተተው፤ ማር ማር ይላል። ከዋንጫው የጎደለው ብርዝ ሁሉ እዚህ ነው ያለው። ጉንዳኖቹም ጠግበው መንገዳቸውን ይሄዳሉ፤ አንዲት እንኳ የተዘረረች የለችም።

«ምን አገኘህ?» አሉ ባላምባራስ።

«ጉንዳን» አለ ውበቴ።

ፋንታን በረንዳው ላይ ለብቻው ያዘው።

«ጋሼ ፋንታ፣ እስቲ ይንገሩኝ። ዛሬ ማን ገባ፣ ማን ወጣ?»

«ስንዱ ቅሉን በር ላይ ሰጠችኝ፤ ያስገባሁት እኔ ነኝ። እሷ ደፉን አልረገጠችም። ዋንጫውንም ለዘጠኝ ሰዓት ብለው እኔን ነው ያስቀዱኝ፤ እስከ አፉ ሞልቼ ነው የወጣሁት። ከዚያ ፊታውራሪ ታዘበው መጡ፤ ከበር ላይ እጅ ነሥተው ተመለሱ።»

«ገብተው አረፍ አላሉም?»

«አዬ! ግራዝማች ባለጉዳይ ያስቀምጣሉ? ድሀም ሆነ ባላባት ቆሞ ነው የሚያናግራቸው። ያቺ አጎዛ ያለባት ወንበር የዳኞች ናት፤ ሌላ ሰው ሊቀመጥባት ቢል ግድግዳ አስጠግተው ያቆሙት ነበር።»

«ከዳኞቹስ ዛሬ ማን ገባ?»

ፋንታ ዝናቡን ተመለከተ። «እኔ... ጥቂት ከበሩ ራቅ ብዬ ነበር።»

«ወዴት?»

«ለጉዳይ።» ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ልጆች አሉኝ ጌታዬ። ባላምባራስ ከዛሬ ጀምሮ በፕሬዚዳንቱ ወንበር ተቀማጭ ናቸው። ዱሮም ቁጣ ይቀናቸዋል፤ ዘርፈሽን፣ ያቺን አንዲት ልጃቸውን በጥር ድረው ወደ ሞጣ ከሰደዱ ወዲህ ደግሞ ጭራሽ ብሶባቸዋል።»

«ለማን ነው የዳሯት?»

«እንጃ ጌታዬ። እዚህ ድግስ የለ፣ የተጠራ ሰው የለ። በማለዳ በቅሎ ላይ አስቀምጠው ላኳት። ሰዉ ጥቂት አማና ተወው።»

ፊታውራሪ ታዘበውን ያገኛቸው አዳራሹ ውስጥ ነው። ወፍራም፣ ሳቂታ ሰው ናቸው። ዛሬ ግን አልሳቁም።

«እኔን ምን አድርግ ነው የምትለኝ?» አሉ ገና ሳይጠየቁ። «ግራዝማች ለኔ ይፍረዱ፣ ለሷ ይፍረዱ፣ እንኳን እኔ የገዛ ሚስታቸው አታውቅም። የእሳቸውን ልብ ቀድሞ የሚያውቅ የለም። ልቡን የማላውቀውን ሰው ለምን እገድላለሁ?»

«ደግ ብለዋል። ፊትዎ ግን አዲስ አልሆነብኝም ፊታውራሪ። ሞጣ አላየሁዎትም?»

«ሞጣ ቤት አለኝ፤ ልጄ ተቀምጦበታል።»

«አሃ! ለካ በጥር መንገዳችንን የዘጋው ዳስ የእርስዎ ነው! ሌሊቱን ሙሉ ‹ዘርፈሽ፣ ዘርፈሽ› እያሉ ሲዘፍኑ እንቅልፍ ነሥተውን ነበር እኮ።»

ፊታውራሪ ጉሮሯቸውን ጠራረጉና ዝናቡ ስለ መክበዱ አወሩ።

ሦስተኛው ዳኛ አቶ ወልደ ኪዳን ወጣት ነው፤ አዲስ አበባ ሕግ ተምሮ የመጣ። ሰሌን የተነጠፈበት ክፍሉ ውስጥ እየተንጎራደደ አገኘው።

«ትናንት ከችሎት በኋላ ከግራዝማች ዘንድ ገብተው ነበር አሉ።»

«ገብቻለሁ። ሰውም አይቶኛል፤ ባላምባራስ ራሳቸው በረንዳው ላይ ነበሩ።»

«አሳብዎን ሊሰጡ?»

«አልሰጠሁም። አሳብ የምንሰጠው ዛሬ ከቀትር በኋላ ነበር፤ ጀማሪው እኔ ነኝ።»

«ታዲያ ምን ሊያደርጉ ገቡ?»

ወልደ ኪዳን መንጎራደዱን ተወ። «መቶ አለቃ፣ ያኔ የተናገርሁትን የሰማ አንድ ሰው ነበር፤ እሱም ሞተ። አሁን ብናገር ማን ያምነኛል? በኔ ላይ ቀን የሚቆርጠው፣ ከወንበር የሚያነሣኝ ማን እንደሆነስ ያውቃሉ?»

ውበቴም አልገፋውም። የፈራ ሰው ሲገፉት ውሸት ይጀምራል።

ስንዱ የታሰረችው ከፍርድ ቤቱ ጓሮ ባለች የእህል ጎጆ ነበር። ክዳኗ ያፈሳል። ስንዱ ፍሳሹን ሸሽታ ከአንድ ጥግ ወደ ሌላው ጥግ ስትዞር ነጠላዋ ረጥቦ አልቋል። ባሏ ከሞተ ወዲህ በዚያች መሬት ምክንያት ስንት ክረምት ቢቸና የተመላለሰች ባልቴት ናት።

«ልጄ፣ ሊሰቅሉኝ ነው አይደል?» አለችው።

«ብርዙን ለምን አመጡላቸው እማማ?»

«ጾማቸውን እንዲገድፉበት።»

«መማለጃ ነው?»

ስንዱ በዚያ ሁሉ መከራ መሐል ሳቀች። «በአንድ ቅል ብርዝ ርስት ከተገዛማ ፊታውራሪ ታዘበው ይህን ጊዜ ንብ ብቻ ነበር የሚያረቡት! ይልቅ እውነቱን ልንገርህ። ስንት ሹም ፊት ቆምሁ፤ ሁሉም ወሬዬን ሳልጨርስ ‹በቃሽ› ይለኛል። እኒህ ሰው ግን እስክጨርስ ሰሙኝ። ለዚህ ነው። ቢፈርዱብኝም አመጣላቸው ነበር።» ከዚያ ሳቋ ጠፋና እጁን ያዘችው። «ወንዙ እንዳይጎድል ጸልይልኝ። ባላምባራስ ወንዙ እንደጎደለ ወደ ደብረ ማርቆስ እሰድሻለሁ ብለውኛል። ከዚያ ወዲያ ማን ያውቀኛል?»

ግራዝማችን ያንኑ ቀን ቀበሯቸው። ባላምባራስ ኃይለ ጊዮርጊስ ከመቃብር ሲመለሱ ቀጥ ብለው የግራዝማች ክፍል ገቡ። ውበቴን ሲያስጠሩት ማኅተሙ ከፊታቸው ነበር፤ ጥቁሩ የፕሬዚዳንት ካባም ትከሻቸው ላይ።

«ምክትል ስለሆንሁ ወንበሩ በኔ ተይዟል» አሉት። «ከእንግዲህ ከቢቸና ሰው የሚወጣው በኔ ማኅተም ነው። ነገ ችሎት አስችዬ ሴትዮዋን ወደ ደብረ ማርቆስ ለማስተላለፍ እወስናለሁ። አንተም የምርመራህን ቃል ባጭሩ ሰጥተህ ወደ ሞጣህ ትሄዳለህ። ገባህ?»

«ገብቶኛል ጌታዬ። ግን ወንዙ ሙሉ ነው።»

«እስኪጎድል እዚሁ ነሃ!»

ውበቴ በረንዳው ላይ ቆሞ አሰበ። የስልኩ ሽቦ ከወደቀ ሰንብቷል። ከኋላው ወንዝ፣ ከፊቱ ማኅተም። ያወቀውን ለማን ይናገር? የሚናገርበት ችሎት የገዳዩ ነው፣ ቀኑ የገዳዩ ነው፣ የመጨረሻው ቃል የገዳዩ ነው። ወጥመድ ውስጥ የገባችው ስንዱ ብቻ አልነበረችም። ወደ ግራዝማች መቃብር በኩል ዞሮ፣ «ግራዝማች፣ ምን ዓይነት ወንበር ነው ትተውብን የሄዱት?» አለ በለሆሳስ። ከዚያ አንድ ነገር ትዝ አለውና ፈገግ አለ።

በማግሥቱ አዳራሹ ሞላ። መሐል ወንበሩ ላይ ባላምባራስ፣ ከግራቸው ወልደ ኪዳን። ፊታውራሪ ታዘበው ከባለጉዳዮች ቦታ፤ ስንዱ እጇን ታስራ መሐል ላይ። ፋንታ በሩ ዘንድ። ከቀሩት መሐል የሰበካው ካህናትና የከተማው ሽማግሌዎች ነበሩ፤ ባላምባራስ ፍርዳቸው በሰው ፊት እንዲያምር ብለው ያስጠሯቸው።

ውበቴ ተነሥቶ እጅ ነሣ። «ጌታዬ ፕሬዚዳንት፣ አንዲት ልመና አለችኝ። የሟቹ ጉዳይ ነውና በሟቹ ሥርዓት ይታይልን። ከታች ወደ ላይ።»

ሽማግሌዎቹ «ደግ ብሏል! ይገባቸዋል!» አሉ። ባላምባራስ ጥቂት አመነቱ። ግን በዚያ ሁሉ ሰው ፊት የግራዝማችን ሥርዓት እንዴት እምቢ ይበሉ?

«ይሁን» አሉ።

«እንግዲያስ በሩ ይዘጋ» አለ ውበቴ። ፋንታ መወርወሪያውን ሰደደ። «ከሁላችን ታች ያለው በር ጠባቂው ነው። ጋሼ ፋንታ፣ ይጀምሩ። ከእርስዎ በፊት የተናገረ ስለሌለ የሚፈሩት ቃል የለም። ትናንት ከበሩ የራቁት ወዴት ነበር?»

ፋንታ መጀመሪያ መሬቱን፣ ቀጥሎ ስንዱን አየ። የታሰረ እጇን ሲያይ ፊቱ ተለዋወጠ።

«ባላምባራስ ‹ካፖርቴን ከቤት አምጣ› ብለው ላኩኝ» አለ። «ይዤ ስመለስ ከግራዝማች ክፍል ሲወጡ አገኘኋቸው። ‹አልገባሁም፤ አላየኸኝም› አሉኝ። ግራዝማችን ሞተው ያገኘሁት ከዚያ ወዲያ ነው። ይኸው ተናገርሁ፤ ልጆቼን እግዜር ያሳድጋቸው!»

«ይህ ሐሰተኛ!» ባላምባራስ ከወንበሩ ብድግ አሉ።

«ጌታዬ» አለ ውበቴ በትሕትና፣ «የመሐሉ ወንበር ተራ ገና ነው።»

ሽማግሌዎቹ ወደ ባላምባራስ ዞሩ። ባላምባራስ ቀስ ብለው ተቀመጡ።

«ቀጣዩ እኔ ነኝ» አለ ውበቴ። «ግራዝማች በብርዝ አልሞቱም። ጋሼ ፋንታ እስከ አፉ ከቀዱት ዋንጫ የጎደለው ጠረጴዛ ሥር ፈስሶ ነው ያገኘሁት፤ ጉንዳን ጠጥቶት በጤናው ሄዷል። እሳቸውም ጾመኛ ነበሩ። ብርዙን ያፈሰሰው የጠጡ ለማስመሰል የፈለገ ሰው ነው። ግራዝማች የሞቱት ታፍነው ነው፤ ዓይናቸው ደም ቋጥሯል፣ ከንፈራቸው ከውስጥ ተነክሷል፣ ጢማቸው ላይ የጥቁር በግ ጸጉር ነበር። አጎዛው ከእንግዳው ወንበር ተነሥቶ አፋቸው ላይ ተጫነ፤ ዝናቡ ጩኸታቸውን በላው። ገዳዩም ተጣድፎ አጎዛውን ገልብጦ መለሰው።»

ውበቴ ወደ ዳኞቹ ወንበር ጠጋ አለ።

«ወንበሯ ከግራዝማች ጉልበት ድረስ ተስባ ቀርባ ነበር። አስቀምጠው ያነጋገሩት ሰው ነው የገደላቸው ማለት ነው። ግራዝማች ደግሞ ባለጉዳይ አያስቀምጡም፤ ፊታውራሪ ቆመው ተመልሰዋል፣ እማማ ስንዱ ደፉን አልረገጡም። በዚያች ወንበር የሚቀመጥ ዳኛ ብቻ ነው። ሁለት ዳኛ ቀረን።»

ወልደ ኪዳን ላብ አጠመቀው።

«ከሁለቱ የትኛው? ባላምባራስ ራሳቸው ነገሩኝ። ግራዝማች ከትናንት ወዲያ አሳባቸውን ነግረውኛል፣ ‹ርስቱ የታዘበው ነው› ብለውኛል አሉ። ጎበዝ! ፊታውራሪ እንኳ የእሳቸውን ልብ ቀድሞ የሚያውቅ የለም ብለውኛል። መሐል ወንበሩ የሚናገረው መጨረሻ ነው። ትንሹ ዳኛ ሳይጀምር ግራዝማች እንዴት ይጨርሳሉ? አቶ ወልደ ኪዳን አሳባቸውን አልሰጡም ነበር። ባላምባራስ ግን እሳቸው ከክፍሉ ሲወጡ በረንዳው ላይ ሆነው አይተዋቸዋልና የሰጡ መሰላቸው። በዚያ ላይ ተመሥርተው የሟቹን ቃል ፈጠሩ። ሟቹ ያንን ቃል ሊናገሩ የማይችሉበት ቀን ነበር።»

«ችሎቱ ለሌላ ቀን ተቀጥሯል!» አሉ ባላምባራስ ማኅተሙን ጨብጠው። «ቀን የምቆርጥ እኔ ነኝ! ፋንታ፣ በሩን ክፈት!»

ፋንታ ጀርባውን በሩ ላይ አስደገፈ። «የመሐሉ ወንበር ሳይናገር አይከፈትም ጌታዬ» አለ። «ሥርዓት ነው።»

ከካህናቱ መሐል አንዱ «እውነት ነው፤ ከተጀመረ ቀጠሮ የለም» አሉ።

ውበቴ ወደ ታዘበው ዞረ። «ፊታውራሪ፣ በጥር ሞጣ ላይ የዳሩት ልጅዎ ሚስት ስሟ ማነው? የማንስ ልጅ ናት?»

ሰው ሁሉ አያቸው።

«ዘርፈሽ ናት» አሉ በመጨረሻ። «የባላምባራስ ልጅ። ማንም እንዳይሰማ ያሉኝ እሳቸው ናቸው፤ ‹ዳኛህ ሆኜ እንድቀመጥ› አሉኝ። ሰው ይሞታል አላሉኝም። በልጄ እምላለሁ፣ አላሉኝም!»

«አቶ ወልደ ኪዳን፣ ተራው የእርስዎ ነው።»

ወጣቱ ዳኛ ቆመ። «ለግራዝማች የነገርኋቸው ይህንኑ ነው» አለ። «ሞጣ ያለ ወዳጄ ነገረኝ። የተከራካሪ ልጅ አማት ዳኛ ሆኖ ሊቀመጥ አይችልም። ግራዝማች ‹ማን እንደሚቀመጥ የምወስን እኔ ነኝ፤ ነገ አስጠርቼው በፈቃዱ ይነሣ እለዋለሁ፤ እምቢ ካለ በሰው ፊት አነሣዋለሁ። እስከዚያ አፍህን ዝጋ› አሉኝ። ዘጋሁ። ከሞቱም ወዲያ ፈርቼ ዘጋሁ። እማማ ስንዱ፣ ይቅር በሉኝ።»

ከዚህ በኋላ የቀረ ተናጋሪ አልነበረም። ከታች ያለው ሁሉ ተናግሮ አልቋል። ዓይን ሁሉ ወደ መሐሉ ወንበር ሄደ።

ባላምባራስ ኃይለ ጊዮርጊስ በሩን አዩት፤ ፋንታ ቆሞበታል። መስኮቱን አዩት። ማኅተሙ መዳፋቸው ውስጥ ነው፣ ካባው ትከሻቸው ላይ ነው፣ የተመኙት ሥልጣን ሁሉ እጃቸው ገብቷል። ሳይናገሩ የሚወጡበት ቀዳዳ ግን የለም። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል።

«ሊያዋርዱኝ ነው ብዬ ነው» አሉ በመጨረሻ፣ ለሽማግሌዎቹ ሳይሆን ለጠረጴዛው። «በዚያች ወንበር አስቀምጠው፣ ሻይ እንደሚጋብዝ ሰው በለሰለሰ ቃል፣ ‹ኃይሌ፣ በፈቃድህ ተነሥ› አሉኝ። በዚህ ዕድሜዬ!» እንባቸው ጢማቸው ላይ ወረደ። ካባውን በገዛ እጃቸው አወለቁና ማኅተሙን ላዩ ላይ አስቀመጡ። «ሴትዮዋን ፍቷት። እኔን ሰዱኝ።»

የመሐሉ ወንበር ተናገረና ፋንታ መወርወሪያውን ሳበ።

ወንዙ እስኪጎድል ባላምባራስ በዚያችው የሚያፈስ ጎጆ ቆዩ። ውበቴ ሊሄድ በቅሎውን ሲያስጭን ስንዱ ቅሏን ይዛ መጣች። ያ ብርዝ ነው፤ ሰንብቶ ጠጅ ሊሆን ምንም አልቀረውም። ጾሙ ወጥቷል። መዳፏ ላይ ጠብ አድርጋ በፊቱ ቀመሰችና፣ «ይኸው፣ አልሞትሁም። ጠጣ» አለችው። ጠጣ።

«መሬትዎስ እማማ?»

«አዲስ ፕሬዚዳንት እስኪሾም ጠብቂ አሉኝ። እንደገና ሀ ብዬ ልቆም ነው።» ቅሉን ደረቷ ላይ አቀፈችው። «የሚያንገበግበኝ እሱ አይደለም ልጄ። እኒያ ሰው እስክጨርስ ሰሙኝ፤ እኔ ግን የእሳቸውን ሳልሰማ ቀረሁ። ሊፈርዱልኝ ነበር? ሊፈርዱብኝ ነበር? አንተ ሁሉን ትፈታለህ ይላሉ፤ እስቲ ንገረኝ።»

ውበቴ እርካቡን ለቀቀ። የሚቀልድበት አጣ።

«እሱን እኔም አላውቅም እማማ» አላት። «ተራቸው አልደረሰም ነበር።»